ሐዘን ነቀርሳ ይወልዳልን? ከጥቁር ሐሞት እስከ ዘረ መል የተጓዘ አንድ ሐሳብ

ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ደጋግመን የምንሰማው ንግግር አለ። ልጇን ቀብራ ብዙም ሳትቆይ ጡቷ ላይ እብጠት የተገኘባት እናት ስትነሣ፣ አንዱ ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሐዘኑ ነው የበላት» ይላል። ሌላው ተቀብሎ «አምቃ ይዛው ነው፤ አልቅሳ ቢወጣላት ኖሮ እዚህ ባልደረሰች» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱ የከበደውን ይሰነዝራል፦ «የአላህን ውሳኔ አልቀበል ብላ ነው።» ይህ የመጨረሻው ቃል ከኢማሞችና ከኡስታዞች አንደበት ጭምር እንደሚወጣ መሸሸግ አይገባንም።

ሦስቱ ንግግሮች ተመሳሳይ ቢመስሉም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለ አካል የሚነገሩ የሕክምና አባባሎች ናቸው። ሦስተኛው ግን ስለ ኢማን የሚሰጥ ፍርድ ሲሆን የቆመው በሁለቱ ትከሻ ላይ ነው። ነቀርሳው ከሐዘኗ የመጣ ካልሆነ፣ ሕመሙን ለኢማኗ መድከም ማስረጃ ያደረገው ሰው የሚይዘው ነገር የለውም። ስለዚህ «ሐዘን ነቀርሳ ያመጣል» የሚለው አባባል ከየት ተነሥቶ በማን እጅ እንዳለፈና ዛሬ የዘረ መል ጥናት ምን እንዳደረገው መመርመሩ ለመምህርም ሆነ ለኢማም ከሥራው ውጭ የሆነ ጉዳይ አይመስለንም።

ሐሳቡ በቋንቋችን ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። ወኔ የራቀውን ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንላለን፤ ስንናደድ «ጨጓራዬ ተላጠ»፣ ስናዝን «አንጀቴ አረረ» እንላለን። «ሐዘን» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛው «ሑዝን» ጋር የአንድ ሥር ልጅ ነው። ስሜትን በሆድ ዕቃ ማኖር ግን የኛ ብቻ ልማድ አልነበረም። ግሪኮች «ሜላንኮሊያ» ሲሉ ቃል በቃል ጥቁር ሐሞት ማለታቸው ነበር። የዐረብኛ ተርጓሚዎች «ሰውዳእ» አሉት። ይኸው ቃል ቱርክ ሲደርስ «ሴቭዳ» ሆኖ ዛሬ የፍቅር ስም ነው፤ የበሽታ ስም ተሰድዶ የናፍቆት ስም መሆኑ ሳያስገርመን አላለፈም።

በሁለተኛው መቶ ዘመን (እ.ኤ.አ.) የኖረው ጋለን፣ ሙስሊም ሐኪሞች ጃሊኑስ የሚሉት፣ የሰውነት ጤና በአራት ፈሳሾች ሚዛን ይጠበቃል ብሎ ያስተማረ ነበር። እነርሱም ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት ናቸው። ነቀርሳ የሚባለውን እብጠት ጥቁር ሐሞት ተጠራቅሞ የሚፈጥረው አድርጎ ያየው ነበር። ከዚህ ተነሥተው ብዙ የዘመናችን ጸሐፊዎች «ሐዘንተኞች በነቀርሳ እንደሚያዙ ጋለን ከጥንት አውቆ ነበር» ይላሉ። እኛ ይህን አንባብ አንቀበለውም። በእርሱ አነጋገር ሰውዳዊ ማለት ጥቁር ሐሞት የበዛበት ጠባየ አካል ያለው ሰው ማለት ነው። ያ ፈሳሽ ሐዘንንም እብጠትንም በየፊናው ሊያመጣ ይችላል፤ ሐዘኑ እብጠቱን ወለደ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የአንድ አባት ሁለት ልጆች መሆን አንዱ የሌላው ልጅ መሆን አይደለም። የኋለኛው ዘመን ስሕተት ገሚሱ ከዚህ ነጥብ የተነሣ ነው።

ሙስሊም ሐኪሞች የጋለንን ትምህርት ወርሰው በሥራ ፈተኑት። ነቀርሳን ልክ እንደ ግሪኮቹ በሸርጣን ስም «ሰረጧን» ብለው ጠሩት። የአንደሉሱ አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ ስለ ቀዶ ሕክምና በጻፈው ክፍል፣ የቆየና የገዘፈ ነቀርሳን እርሱ ራሱ አንድም ጊዜ እንዳላዳነ፣ ከእርሱ በፊት ያዳነ ሰውም እንዳላየ በግልጽ አስፍሯል። ኢብን ሲናም (370–428 ዓ.ሂ.) በ«አል-ቃኑን» ውስጥ እብጠቱ ገና ትንሽ ሳለ ብቻ ከነዙሪያው ተቆርጦ ሊወጣ እንደሚችል ጽፏል። በእነዚህ ሐኪሞች ዘንድ ነቀርሳ የሥጋ ጉዳይ ነው፤ ተግሣጽ የሚያስፈልገው ሰው ጉዳይ ሆኖ አልቀረበም።

ስለ ነፍስ ሕመም ከጻፉት መካከል በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚጠቅመን አቡ ዘይድ አል-በልኺ ነው። በበልኽ አካባቢ ተወልዶ በ322 ዓ.ሂ. (934 እ.ኤ.አ.) ያረፈው ይህ ሰው «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» የሚለውን መጽሐፉን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለአካል፣ ግማሹን ለነፍስ ሰጠ። አካል ሲታመም ነፍስ እንደምትታወክ፣ ነፍስ ስትታመምም አካል ደስታ እንደሚያጣና ሊታመም እንደሚችል ጽፏል። ከዚህ ይበልጥ የሚደንቀን ግን ሐዘንን ለሁለት መክፈሉ ነው። አንደኛው ምክንያቱ የታወቀ፣ እንደ ዘመድ ሞት ወይም እንደ ሀብት መጥፋት ያለ ነው። ሁለተኛው ሰውዬው ራሱ ምክንያቱን የማያውቀው፣ መነሻው ከአካል የሆነ ሐዘን ነው፤ ለዚህኛው መፍትሔው የአካል ሕክምና እንደሆነ ይናገራል። አል-በልኺ ስለ ነቀርሳ የጻፈ ሰው አይደለም። ነገር ግን «የአንዳንዱ ሰው ሐዘን ከሥጋው እንጂ ከእምነቱ አይደለም» የሚል ሐሳብ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በእጃችን ሲኖር በመድረሳዎቻችን አለማስተማራችን የራሳችን ጉድለት ነው።

ቅዱሳን ምንጮቻችንም ሐዘንን እንደ ወንጀል አያዩም። ነቢዩ የዕቁብ (ዐ.ሰ) በዩሱፍ ናፍቆት ዓይናቸው እንደነጣ በሱረቱ ዩሱፍ ተነግሯል። ዓይናቸው ፈጽሞ ጠፋ ወይስ ደከመ በሚለው ላይ ሙፈሲሮች ተለያይተዋል። ሆኖም ሐዘናቸው ለኢማን ድክመት ማስረጃ ተደርጎ አልቀረበም፤ ጸጥ ብለው ሐዘናቸውን ወደ አላህ ብቻ እንደሚያሰሙ ነው የተነገረው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። ኸዲጃና አቡ ጧሊብ የሞቱበትን ዘመን የሲራ ጸሐፊዎች «የሐዘን ዓመት» ብለው ሰይመውታል። በርግጥ ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ መጠበቅን ይለምኑ እንደነበር በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ተዘግቧል። ከአንድ ነገር መጠበቅን መለመን ግን በነገሩ የተያዘውን መውቀስ አይደለም፤ በዚያው ዱዓ ውስጥ የዕዳ ሸክምም አለና፣ ዕዳ የከበደበትን ሁሉ ኃጢአተኛ የሚል የለም።

ወቀሳው ስልታዊ መልክ የያዘው በአውሮፓ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የአካል ሊቃውንት ሬሳ ሲከፍቱ ጥቁር ሐሞት የሚባለውን ፈሳሽ ሊያገኙት አልቻሉም። ፈሳሹ ጠፋ፤ ሐዘኑ ግን ብቻውን ቀረ። ሪቻርድ ጋይ የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በ1759 ስለ ነቀርሳ ሲጽፍ ድንጉጥና ጭንቀታም የሚላቸውን ሴቶች ለይቶ ጠቀሰ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ሄርበርት ስኖው የተባለው በለንደን የነቀርሳ ሆስፒታል ይሠራ የነበረ ሐኪም ሕሙማኑን መቁጠር ጀመረ። የጡትና የማሕፀን ነቀርሳ ካለባቸው 250 ሴቶች መካከል 156ቱ ከሕመማቸው በፊት ከባድ መከራ፣ አብዛኛውን ጊዜም የቅርብ ዘመድ ሞት እንደደረሰባቸው አገኘ።

ቁጥሩ ያስደነግጣል። ነገር ግን ስኖው አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ አልፏል፦ ነቀርሳ ካልያዛቸው 250 የለንደን ሴቶች መካከል ስንቶቹ ሐዘን ደርሶባቸው ነበር? በዚያን ጊዜዋ ለንደን ሕፃናት በብዛት ይሞቱ ነበር። በዕድሜ የገፋች ሴት ልጇን፣ ወንድሟን ወይም ባሏን ሳትቀብር መኖሯ ብርቅ ነበር። እኛም በአገራችን ለቅሶ ቤት ዙሪያውን ብንቃኝ፣ አንድም ሐዘን ያልደረሰባት የሃምሳ ዓመት እናት እናገኛለንን? የታመመችው ስትጠየቅ ደግሞ ምክንያት ፍለጋ ያለፈ ሕይወቷን ትፈትሻለች፤ ጤነኛዋ ግን የሚጠይቃትም የለ፣ የምትፈትሽበትም ምክንያት የላት።

የኡሱል አል-ፊቅህ ተማሪዎች ይህን ስሕተት በሌላ ስም ያውቁታል። የወይን ጠጅ የተከለከለበት ምክንያት (ዒላ) ማስከሩ ነው። ሽታውም ግን ከስካሩ ጋር ይመጣል፤ ኮምጣጤ ሲሆንም ከስካሩ ጋር ይሄዳል። ሽታው ከክልከላው ጋር አብሮ መምጣቱና አብሮ መሄዱ ብቻ ዒላ አያደርገውም በማለት ኡሱሊዮች ሲሟገቱበት ኖረዋል። ኢብን ሲናም ለመድኃኒት ፈተና ሰባት ደንቦችን ሲያስቀምጥ፣ ውጤቱ በሁሉም ወይም በአብዛኛው የማይታይ ከሆነ ድንገተኛ እንጂ ከመድኃኒቱ አለመሆኑን ከደንቦቹ አንዱ አድርጎታል። ስኖው ያገኘው ሽታውን ነበር።

በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነገሩ አስገራሚ መታጠፊያ ደረሰበት። በ1962 ዴቪድ ኪሰንና ሐንስ አይዘንክ የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸውን ወንዶች የስሜት አለመረጋጋት፣ በሙያው ቋንቋ ኒውሮቲሲዝም የሚባለውን፣ በመጠይቅ ለኩ። ሕሙማኑ ከሌሎቹ ይልቅ ያነሰ የስሜት መናወጥ እንዳላቸው ዘገቡ! ለዘመናት የሚከሰሰው ሐዘንተኛና ድንጉጥ ሰው ነበር፤ አሁን ደግሞ ስሜቱን የማያሳየው ተከሰሰ። ከዚህ ወዲህ «አምቆ የያዘ ሰው ይታመማል» የሚለው አባባል የሳይንስ ካባ ደረበ። ያዘነ ይታመማል፣ ሐዘኑን ያልገለጠም ይታመማል ከተባለ፣ ማንም የታመመ ሰው ከወቀሳ የሚያመልጥበት በር የለም ማለት ነው። እንዲህ ያለ አባባል ምንም ነገር ሊያስተባብለው ስለማይችል ምንም ነገር አያስረዳም።

አይዘንክ በዘመኑ ከታወቁት የሥነ ልቦና ሊቃውንት አንዱ ነበር። በ1980ዎቹ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር ባሳተማቸው ተከታታይ ጽሑፎች ውስጥ የሰው ጠባይ ነቀርሳን ከማጨስ ይበልጥ አስቀድሞ እንደሚያመለክት፣ በምክር ሕክምናም ሞቱን በእጅጉ መቀነስ እንደሚቻል ተናገረ። ቁጥሮቹ በሕክምና ታሪክ ያልታዩ ስለነበሩ በ1992 አንቶኒ ፔሎሲና ሉዊስ አፕልቢ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ በብርቱ ተቹት። አይዘንክ ከትንባሆ ኩባንያዎች ወገን ገንዘብ ያገኝ እንደነበርም በኋላ ታወቀ። የሚሠራበት የነበረው የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ በ2019 ባደረገው ምርመራ 26 ጽሑፎቹን አስተማማኝ አይደሉም አለ፤ ከዚያ በኋላ መጽሔቶች ከአሥር በላይ የሆኑትን ሰረዙ። የሐዲስ ተማሪ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ደካማ ራዊ ታማኞቹን ተቃርኖ ብቻውን ሲያወራ ዘገባው «ሙንከር» ይባላል። የሚያሳዝነው፣ የተሰረዘው ዘገባ በሕዝብ አፍ ላይ ገና አለመሰረዙ ነው።

ታማኞቹስ ምን አሉ? በ2010 በወጣ ጥናት በፊንላንድና በስዊድን 59,548 ሰዎች፣ ያውም በአይዘንክ በራሱ መጠይቅ ተለክተው፣ እስከ 30 ዓመት ድረስ በነቀርሳ መዝገብ ተከታትለው ታዩ። የስሜት አለመረጋጋት በጠቅላላው የነቀርሳን አደጋ እንደሚጨምር አልተገኘም። በ2023 ደግሞ ከኔዘርላንድስ፣ ከብሪታንያ፣ ከኖርዌይና ከካናዳ የ319,613 ሰዎች መረጃ በአንድነት ተመረመረ። ድባቴና ጭንቀት ከጡት፣ ከፕሮስቴትና ከአንጀት ነቀርሳ ጋር ትስስር አልነበራቸውም። ከሳንባ ነቀርሳና ከማጨስ ጋር ከተያያዙ ሌሎች ነቀርሳዎች ጋር ግን ትስስር ታየ፤ ማጨስና መሰል ልማዶች ሲሰሉ ትስስሩ በእጅጉ ቀነሰ። ልጃቸውን በሞት ያጡ 21,062 ወላጆችን የተከታተለው የዴንማርክ ጥናትም (2002) ወደዚሁ ያመለክታል፤ በእናቶች ላይ የታየው ጥቂት ጭማሪ ያዘነበለው ማጨስ ወደሚያመጣቸው ነቀርሳዎች ነበር። እነሆ ሽታውና ስካሩ ተለዩ። ያዘነ ሰው ሲጋራ ያነሣል፤ ሳንባውን የሚጎዳው ጢሱ ነው።

እዚህ ላይ «ምናልባት ማጨስንም፣ መጨነቅንም፣ ነቀርሳንም የሚያመጣ አንድ የተፈጥሮ ባሕርይ በደማቸው ቢኖርስ?» የሚል ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ታላቁ የስታቲስቲክስና የሥነ ዘር ሊቅ ሮናልድ ፊሸር፣ ራሱ ፒፓ አጫሽ የነበረው፣ በ1958 ትንባሆን ነጻ ለማውጣት ይህንኑ ተከራክሯል። ተሳስቶ ነበር። የጠራው ዳኛ፣ ማለትም የዘር ጥናት፣ መጥቶ ለመመስከር ግን ግማሽ መቶ ዓመት ፈጀበት።

ዘዴው «ሜንዴሊያን ራንደማይዜሽን» ይባላል፤ በአማርኛ «የዘረ መል ዕጣ» ብንለው ያስኬዳል። መነሻው ኔዘርላንዳዊው ማርታይን ካታን በ1986 ላንሴት ለተባለው የሕክምና መጽሔት የጻፈው አጭር ደብዳቤ ነው። በዚያን ጊዜ የነቀርሳ ሕሙማን በደማቸው ያለው ኮሌስትሮል ዝቅ ብሎ ይገኝ ነበር። ዝቅታው ነቀርሳውን አመጣ ወይስ ነቀርሳው ኮሌስትሮሉን ዝቅ አደረገ? ካታን እንዲህ አለ፦ አንዳንድ ሰዎች ከወላጆቻቸው በወረሱት ዘረ መል የተነሣ ከልደታቸው ጀምሮ ኮሌስትሮላቸው ዝቅተኛ ነው፤ ዝቅታው ጥፋተኛ ከሆነ እነርሱ በነቀርሳ ሊበዙ ይገባል፤ ካልሆነ አይበዙም። በሽታ የሰውን ልማድና ስሜት ሊለውጥ ይችላል፤ በፅንስ ጊዜ የደረሰንን የዘር ዕጣ ግን መለወጥ አይችልም። ድህነትም፣ ሐዘንም፣ ሲጋራም ወደ ኋላ ተመልሰው አይነኩትም። ጆርጅ ዴቪ ስሚዝና ሻህ ኢብራሂም በ2003 ሐሳቡን ወደ ሙሉ ዘዴ አሳደጉት።

ለስሜት አለመረጋጋት ይህ ሊሠራ የቻለው ከ2018 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት የወጣ አንድ ጥናት የ449,484 ሰዎችን መረጃ መርምሮ ከዚህ ጠባይ ጋር የተያያዙ 136 የዘረ መል ሥፍራዎችን አገኘ። ከመረጃው አብዛኛው የመጣው ዩኬ ባዮባንክ ከሚባለው የብሪታንያ ታላቅ መዝገብ ነው። በዚያ መዝገብ ሰዎቹ የመለሷቸው አሥራ ሁለት ጥያቄዎች ከአይዘንክ መጠይቅ የተወሰዱ ናቸው፤ የነቀርሳ ጽሑፎቹ ሲሰረዙ መለኪያው ግን ተርፏል። ተመራማሪዎች እነዚህን ሥፍራዎች ይዘው የነቀርሳ መረጃን ፈተሹ። አንዳንዶቹ ከተወሰኑ የነቀርሳ ዓይነቶች ጋር ደካማ ትስስር አየን ሲሉ ሌሎች አላየንም አሉ። የሳንባ ነገር ሲነሣ ደግሞ ማጨስ ከኋላው አለ፤ ለስሜት አለመረጋጋት የሚያዘነብል ዘርና ለማጨስ የሚያዘነብል ዘር በከፊል የሚጋሩት ነገር እንዳለ ታውቋልና። ለቅሶ ቤት የሚነገረውን ያህል ብርቱ ክስ የሚያጸድቅ ነገር ከዘረ መል ችሎት አልወጣም።

ስለ ዘዴው ወሰን ሁለት ነገር እንናገር። አንድ ዘረ መል ብዙ ሥራ ሊኖረው ስለሚችል፣ ስሜትን ሳይነካ በሌላ መንገድ ወደ በሽታ ሊያደርስ ይችላል። ደግሞም መዝገቦቹ የተሞሉት ባመዛኙ በአውሮፓውያን ዘር ነው፤ ስለዚህ ለወሎ ወይም ለጅማ ሰው እንዳለ የሚገለበጥ ውጤት አይደለም።

ሌላም ስጋት አለን። «ዘረ መል» የሚለው ቃል ኹጥባ ላይ ሲነሣ አዲስ ፍርድ ሆኖ እንዳይወጣ ነው፤ «ተፈጥሮዋ እንዲህ ነው፣ ምን ይደረግ» እንዳይባል። ከ136ቱ ሥፍራዎች እያንዳንዱ የሚያመጣው ልዩነት እጅግ ጥቂት ነው። ጠባይ በከፊል ተፈጥሮ መሆኑም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከዐብዱል ቀይስ ነገድ ለመጣው አል-አሸጅ አላህ የሚወዳቸው ሁለት ጠባዮች፣ ትዕግሥትና እርጋታ፣ እንዳሉት ነገሩት። እርሱም ራሴ ያፈራኋቸው ናቸው ወይስ አላህ የፈጠረብኝ ብሎ ሲጠይቅ፣ አላህ የፈጠረበት መሆናቸውን መለሱለት። ሐዲሱን ያነበበ ሰው ልቡ በቶሎ የምትደነግጠውን ሴት ልቧ እንደ አል-አሸጅ ባለመርጋቱ ሊወቅሳት አይደፍርም፤ እርጋታ ስጦታ ከሆነ ያልተሰጠው አልሰረቀም።

ሐዘን ነቀርሳን አለመውለዱ ሐዘኑ ምንም አይደለም ማለት አይደለም። በ1989 በአሜሪካ ዴቪድ ስፒገልና ባልደረቦቹ፣ የተሰራጨ የጡት ነቀርሳ ያለባቸው ሴቶች በየሳምንቱ ተሰብስበው ስለ ሕመማቸው ሲነጋገሩ ዕድሜያቸው እንደረዘመ ዘግበው ዓለምን አስደንቀው ነበር። በ2001 በካናዳ በ235 ሴቶች ላይ ተደግሞ ሲፈተን ዕድሜያቸው አልረዘመም። ከእነዚህ ጋር የተቀመጡት ሴቶች ግን ካልተቀመጡት ይልቅ የመንፈስ ጭንቀታቸውና የሕመም ስሜታቸው ቀለለ፤ ከሁሉ ይበልጥ የቀለለውም መጀመሪያ ላይ እጅግ ተጨንቀው ለነበሩት ነበር።